የአሯሯጯ እናት ቴሌቪዥን ያየችበት እሑድ

መርካቶ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ወይ ሰርቋል ወይ ተሰርቋል። ሦስተኛ ምክንያት አይታወቅም። ይህን እያወቅኩ ነው በስተርጅናዬ ሩጫ የጀመርኩት።

ነገሩ ከስኳር ሕመሜ ጋር የመጣ ነው። ሐኪሙ «እንቅስቃሴ ያድርጉ፣ ይራመዱ» አለኝ። እኔ ደግሞ ክርና ሲባጎ በዘንቢል ይዤ ከሰባተኛ እስከ አንዋር፣ ከአንዋር እስከ መሳለሚያ፣ ከአንዱ ልብስ ሰፊ ወደ ሌላው ስዞር የምውል ሴት ነኝ። ቁጭ ብዬ የምሸጥበት ቦታ ኖሮኝ አያውቅም፤ ቢኖረኝም የምቀመጥ አይመስለኝም። «እራመዳለሁ እኮ፣ ልጄ» ስለው፣ ቀና ሳይል «እንግዲያው ትንሽ ፈጠን ይበሉ» አለኝ። ፈጠን አልኩ። ፈጠን ማለት ሲለመድ ሩጫ ይሆናል፤ ከዚያ ውጪ የመከረኝም ያሠለጠነኝም የለም።

የምሮጠው ጠዋት ነው፤ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም፣ የጭነት መኪኖቹ ግን ማራገፍ ጀምረዋል። ከቀሚሴ ሥር የልጅ ልጄ የናቀችውን የስፖርት ሱሪ እለብሳለሁ፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስራለሁ። ተሸካሚዎቹ ከሩቅ ያውቁኛል።

«እማማ፣ ማነው የሚያባርርዎት?»

«ሞት ነዋ!» ይላል ሌላው ከተሸከመው ጆንያ ሥር።

«ሞትማ በዚህ ፍጥነት ከሆነ ሻይ ጠጥቶም ይደርስባቸዋል።»

«አንተን ነው እንዴ የላከህ?» ብዬ አልፋለሁ። አልቀየማቸውም። ያን ሁሉ ሸክም ጀርባው ላይ አድርጎ የሚቀልድ ሰው ቢቀልድ ይሻለዋል።

አንድ ጠዋት ከፊቴ አንዲት ቀጭን ልጅ ኮፍያዋን ደፍታ ትሮጣለች። እኔ ከኋላ አለሁ። እንኳን እሷን ላባርር ጥላዋንም የምደርስበት ሴት አይደለሁም። ዳር ቆሞ ላየን ግን አንዲት ወጣት ከፊት፣ አንዲት አሮጊት ከኋላ። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አንዱ «ሌባ! የእማማን ቦርሳ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ጭር ያለው መንገድ ባንዴ ሞላ። ልጅቷን ከበው ያዟት።

«የት ጣልሽው?»

«ምኑን?»

«አታውቂም! የእኚህን ሴትዮ ቦርሳ ነዋ!»

እኔ ስደርስ ትንፋሽ የለኝም። መናገር ስላቃተኝ በእጄ «ተዉአት፣ ተዉአት» አልኩ፤ እነሱ «ግረፉልኝ» ያልኩ መሰላቸው። አንዱ ቀበቶውን መፍታት ጀመረ። ልጅቷ ግን አልጮኸችም። ቀና ብላ አየችኝና «እማማ፣ ለእናቴ ሲባጎ የሚሸጡላት እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እናቷ ምናለሽ ተራ አሮጌ ጆንያ እየገዛች፣ የተቀደደውን እየጠገነች የምትሸጥ ሴት ናት። የምትሰፋበትን ሲባጎ የምወስድላት እኔ ነኝ። ልጅ እንዳላት አውቃለሁ፤ ሯጭ መሆኗንም ሰምቻለሁ። መልኳን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት፣ ያውም በሌባነት ተይዛ።

ከዚያ በኋላ አብረን መሮጥ ጀመርን። ልጅቷ ከከተማ ወጣ ብላ ከጓደኞቿ ጋር ነው የምትሠለጥነው፤ ቀለል ያለ ሩጫ ሲደርሳት ግን እናቷ ዘንድ አድራ ጠዋት ከእኔ ጋር ትሮጣለች። ለእሷ ዕረፍት የሆነው ለእኔ ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ ነው። እሷ እየሮጠች ታወራለች፣ እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ እመልሳለሁ። ሥራዋን የነገረችኝም እንዲያ ነው።

«አሯሯጭ ነኝ» አለችኝ። «ከፊት ሆኜ ፍጥነቱን እጠብቅላቸዋለሁ፣ ንፋሱን እከላከልላቸዋለሁ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ላይ ስደርስ እኔ እወጣለሁ፣ እነሱ ይቀጥላሉ።»

ቆም አልኩና ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «ስትወጪ የት ትሄጃለሽ?»

«ዳር ላይ ይጠብቁኛል። ብርድ ልብስ ይሰጡኛል፣ በመኪና እመለሳለሁ።»

«እንግዳ እንደ መሸኘት ነዋ» አልኳት። እንግዳ እስከ አስፋልቱ ይሸኛል፣ ከዚያ ይመለሳል፤ ሸኚን ማንም ለምን እስከ ቤቴ አልመጣህም ብሎ አይወቅሰውም። ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ግን አጭር ነበር።

ምክንያቱን ቆይቼ ነው የተረዳሁት። ሰፈሩ አሯሯጭ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያውቀው ልጅቷ በየውድድሩ መጀመሪያ ከሁሉ ቀድማ እንደምትታይና ከዚያ እንደምትጠፋ ነው። «አሁንም አቋረጠች?» ይሏታል እናትየዋን፣ ጆንያ ሊገዙ ሲመጡ። «ገና ከጅምሩ ጉልበቷን ትጨርሳለች፤ ምከሪያት እንጂ!» አንዷማ የአጥሚት ዱቄት አምጥታላታለች። እናትየዋም አንድ ጊዜ ጎረቤት ቤት ተጠርታ ስታይ፣ ልጅቷ ዳር ይዛ ስትቆም ታማ የቆመች መስሏት እሪ ብላ ሰፈሩን አሸብራዋለች። ልጅቷ ደጋግማ አስረድታታለች። እናት ግን ከልጇ የምትሰማውን ሁሉ እኔን ለማጽናናት ነው ብላ የምትተረጉም ፍጥረት ናት። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን አታይም። «የኔ ዓይን አይሆናትም። እኔ ሳያት ነው እግሯ የሚታሰረው» ትላለች።

ውጭ አገር ወደሚደረግ አንድ ትልቅ ማራቶን ከመሄዷ በፊት፣ ልጅቷ የመጨረሻውን ጠዋት ከእኔ ጋር ሮጠች። መሳለሚያ ስንደርስ ቆመች።

«እማማ፣ የአሁኑን አልወጣም። እጨርሳለሁ።»

«ይፈቀዳል?»

«እስከ ሠላሳ ሥራዬን በደንብ ከሠራሁ ይፈቀዳል። ማናጀሬም እንደፈለግሽ፣ ከተጎዳሽ ግን የራስሽ ጉዳይ ነው ብሎኛል።» የጫማዋን ጫፍ አስፋልቱ ላይ ታሽ ነበር። «አንድ ነገር ላስቸግርዎት። እናቴ እንድታየኝ ያድርጉልኝ። እሷ ሳታየኝ ብጨርስ፣ ለእሷ እንዳቋረጥኩ ነው የምቀረው። ብነግራትም አታምነኝም።»

«አሳያታለሁ» አልኳት። ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር።

እሑድ ደረሰ። መሳለሚያ አጠገብ ኳስ የሚያሳዩበት አንድ ቤት አለ። የቤቱን ባለቤት ሁላችንም ሐጂ ነው የምንለው፤ ለሚስቱ የልብስ ስፌት ክር የምወስደው እኔ ነኝ። ቀደም ብዬ ሄጄ አስፈቀድኩት። «እስከ ኳሱ ድረስ የእርስዎ ነው፣ እናቴ» አለኝ። «ኳሱ ሲደርስ ግን እኔም ራሴ አላዝበትም።»

ከዚያ ወደ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። እናትየዋ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች በተዘጋው መደብሯ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ሥራ የላትም፤ ቤቷ መሄድ ግን ፈርታለች፤ እቤት ጎረቤት አለ፣ ጎረቤት ዘንድ ቴሌቪዥን አለ።

«ተነሺ ሻይ ልጋብዝሽ» አልኳት።

«እርስዎ? በምን ቀን ነው ሻይ ሲጋብዙ የታዩት?»

«ዛሬ ነዋ።»

«ልጄ ስለምትሮጥ ነው። አውቄብዎታለሁ። አልሄድም እማማ፣ ዓይኔ አይሆናትም አልኩ አልሆናትም።»

«አንቺ፣ ዓይንሽ ይህን ያህል ጉልበት ካለው እስቲ የዘይት ዋጋውን እይልንና ጣይው።»

ላለመሳቅ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ቢሆንም ሳቀች። የሳቀ ሰው ይነሳል። መንገድ ላይ ግን ውል አስገባችኝ፦ እሷ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ትቀመጣለች፣ እኔ እያየሁ እነግራታለሁ።

እንደዚያው ሆነ። በባዶው ቤት፣ ያ ሁሉ አግዳሚ ወንበር ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ፣ እሷ ብቻ ወንበሯን አዙራ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ፊቴን ታያለች። ሐጂ ሻይ ሲያመጣ አየንና ብርጭቆዎቹን አስቀምጦ ተመለሰ።

ሩጫው ተጀምሯል። ከታች የሚጻፈው የፈረንጅ ፊደል ነው፤ የራሳችንንም ፊደል እኔ ያወቅኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ ያን መገመት እንኳ አልሞከርኩም። ልጅቷን ግን ወዲያው አገኘኋት። አሯሯጮቹ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ካናቴራ ለብሰዋል፤ ሦስት ናቸው፣ እሷ መሐል ናት። መንገዱ ሰፊ ነው። ግራና ቀኝ ሰው የዝናብ ልብስ ለብሶ ያጨበጭባል። ሌባ ብሎ የሚጮህ የለም። ያ ሁሉ ሰው እየሮጠ ማንም ማንንም አለመያዙ ትንሽ ገረመኝ።

ራሱ የሚሮጥ ሰው ሩጫ ሲያይ ሌላ ነው። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ አለ። እነሱ ከወገብ በላይ ምንም አይንቀሳቀሱም፣ ሥራው ሁሉ ከታች ነው፤ እኔ ተቃራኒ ነኝ፣ ከላይ ብዙ እሠራለሁ፣ ከታች ጥቂት ይገኛል።

«ምን ሆነች?» አለች እናትየዋ።

«ምንም። ትመራለች።»

«ፊትዎ ተለወጠ እኮ።»

«ሻዩ አቃጥሎኝ ነው።»

«ሻዩማ በርዷል።»

እንዲህ እያልን ብዙ ቆየን። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ትፈትላለች፣ እኔ ፊቴን እጠብቃለሁ። ድልድይ አለፉ፣ ወንዝ ዳር ወረዱ፣ ፎቅ መሐል ገቡ። ሠላሳ ኪሎ ሜትሩ ሊደርስ ሲል ልጅቷ ቀኝ ክርኗን ወደ ውጪ ከፈተች። ያን ክርን አውቀዋለሁ። ሲደክማት ነው እንዲህ የምታደርገው፤ ከእኔ ጋር ስትሮጥ ለእኔ ብላ ያደረገችው እንኳ ይመስለኝ ነበር፣ እንዳላፍር። በልቤ፣ በቃ፣ አለቀላት፣ አልኩ።

መጀመሪያ አንዷ አሯሯጭ ወጣች። ከዚያ ሁለተኛዋ። ልጅቷ ዘወር ብላ አየች፣ ወደ ዳር ጠጋ አለች፣ ሌሎቹ በአጠገቧ አለፉ። ሥዕሉ ከመሪዎቹ ጋር ሄደ። ወጣች ልበል፣ አሳለፈቻቸውና ከኋላ ቀጠለች ልበል?

«ምንድን ነው?» አለች እናትየዋ። «ወጣች?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አያውቁም? ቁጭ ብለው እያዩ!»

«ዳር ያዘች። ከዚያ ካሜራው ትቷት ሄደ።»

እናትየዋ የነጠላዋን ጫፍ ለቀቀች። ከዚያ ተነሳች፣ ወንበሯን አነሳች፣ አዞረችና ፊት ለፊት ተቀመጠች። «እርስዎም ማየት አይችሉበትም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ አልታየችም። መሪዎቹ ብቻ ናቸው። የጎረቤት አገር ሴት አሸነፈች፣ የእኛዋ ሁለተኛ ሆነች፣ ሐጂ ከመደርደሪያው ኋላ «ወይኔ!» አለና ብርጭቆ ማጠቡን ቀጠለ። እናትየዋ አልሰማችም። የማን አገር እንዳሸነፈ ብትጠየቅ የምትመልስ አይመስለኝም።

የኳሱ ሰዎች መግባት ጀመሩ። ማልያ የለበሰ፣ ጫት የያዘ፣ ስልኩ ላይ የተደፋ። አግዳሚው ሲሞላ አንዱ ጮኸ።

«ሐጂ፣ ቀይረው እንጂ! አሰላለፍ ሊነገር ነው!»

ሐጂ እኔን አየኝ። እኔ እናትየዋን አየሁ። እሷ ተነሳችና ቴሌቪዥኑ ሥር ቆመች።

«ማንም አይነካውም።»

«እትዬ» አለ አንዱ ማልያ የለበሰ፣ በትሕትና፣ «ሩጫው እኮ አልቋል። ሴትዮዋ ባንዲራ ሁሉ ለብሳለች።»

«ለእሷ ነው ያለቀው። የኔ ልጅ ገና መንገድ ላይ ናት።»

«ልጅዎት ማን ናት?»

«ያቺ ከፊት የነበረችው። ዥንጉርጉር የለበሰችው።»

ከጀርባ አንዱ ሳቀ። «እትዬ፣ እሷ እኮ አሯሯጭ ናት። አሯሯጭ አይጨርስም።»

«አይጨርስም?»

«ሥራው ነዋ! እስከ አንድ ቦታ ወስዶ መውጣት ነው። የሚከፈለው ለዚያ ነው። እንዲያውም ጎበዝ ያልሆነ አሯሯጭ አይደረግም፤ ያን ፍጥነት ማን ይችለዋል?»

እናትየዋ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ በሕይወቱ አይቷት አያውቅም። ልጇ ስንት ጊዜ የነገረቻትን ነገር፣ ኳስ ሊያይ የመጣ ሰው አንድ ጊዜ ስለነገራት አመነች። እንግዲህ እንዲህ ነው፤ እኔም የልጆቼን ምክር ከማላውቀው ሐኪም አፍ ስሰማው ነው የያዝኩት።

«እሺ፣ አሁን አወቁ አይደል? ወጥታለች፣ ደህና ናት» አለ ማልያ የለበሰው። «ቀይረው ሐጂ።»

«አይቀየርም» አለች። «ብትወጣም ሥራዋ ነው፣ ገብቶኛል። ግን አላውቅም። እስካውቅ እቆማለሁ።»

«እኛስ ምን በደልን?»

«እናንተ ዘጠና ደቂቃ ታያላችሁ፤ እኔ ልጄን አላየሁም።»

ጉርምርምታው በረታ። «ሐጂ ይሄ ቤት የማነው?» የሚል ነበር፤ «ዝም በል፣ እናት ናት» የሚልም ነበር። ሐጂ እጁን በፎጣ እያደረቀ መጣና ፈረደ፦ ሥዕሉ የእናትየዋ ይሁን፣ ድምፁ ይጥፋ፣ አሰላለፉን አንዳችሁ ከስልክ አንብቡ፣ ኳሱ ሲጀመር ግን ይቀየራል። ማልያ የለበሰው እየተነጫነጨ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። በበረኛው ላይ ስድብ ተነሳ፣ ነገሩ ቀለለ።

ቴሌቪዥኑ ላይ አሸናፊዋ ማይክ በያዘች ሴት ትጠየቃለች። ድምፅ የለም፣ አፋቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከትከሻዋ በላይ፣ በጣም ርቆ፣ የሚገባበት መስመር ይታያል። አንዳንድ ሰው አንድ በአንድ ይደርሳል፤ ማን እንደሆነ አይለይም። እኔ እዚያ ሩቁ ላይ ዓይኔን ማቆየት አቃተኝና እናትየዋን ማየት ጀመርኩ። ያን ያህል ጊዜ ፊቴን ስታይ ቆይታ አሁን ተራው የእኔ ሆነ።

ምንም አልጮኸችም። አገጯ ብቻ ከፍ አለ። ከዚያ እጇ ወደ ቴሌቪዥኑ ተዘረጋ፣ ሳይነካው ቆመ።

«ገባች» አለች።

ዞሬ ስመለከት ማይክ የያዘችው ሴት ወደ ጎን ተንቀሳቅሳ ሁሉን ጋርዳዋለች። ከአንድ ነጭና ጥቁር ክንድ በቀር ምንም አላየሁም፤ እሱም የማን እንደሆነ አልምልም።

«የታለች?» አሉ ከኋላ።

«ገባች አልኩ። ጎንበስ አለች፣ ከዚያ ቀና አለች፣ የሆነ ነገር አለበሷት።»

«ስንተኛ?»

እናትየዋ ነጠላዋን አስተካከለች። ከቴሌቪዥኑ ሥር ወጣች። ሐጂ ቀየረው።

እኛ ግን ወዲያው አልሄድንም። ደጃፉ ላይ በተገለበጡ የለስላሳ ሳጥኖች ላይ ተቀመጥን፤ እሷ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ፣ እኔ ጫማዬን ፈትቼ። ሁለተኛ ሻይ ሐጂ ሳንጠይቀው አወጣልን። የሚያልፈው የሚያገድመው ያየናል። አንድ ተሸካሚ «እማማ፣ ዛሬ ሞት ዕረፍት ሰጠዎት?» አለኝ፤ እናትየዋ ተናደደችበት፣ እኔ ግን እጄን አውለበለብኩለት። ውስጥ ኳሱ ይጮሃል። ብዙ ቆየን። እሷ አንዴ «ልጁ ግን ትክክለኛ ነገር ነው የነገረኝ አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ትክክለኛ ነው አልኳት። «ለዚያች አጥሚት ላመጣችልኝ ሴትዮም መንገር ነበረበት» አለች።

ስልኩ ሲጠራ ልትጥለው ነበር። ከውጭ ሲደወል እንደምንጮኸው ጮኸች።

«አየሁሽ! … እኔ ራሴ ነኛ፣ በገዛ ዓይኔ! … ያች ማይክ የያዘችው ጋረደችሽ እንጂ ቀድሜ አይቼሽ ነበር። … ለምን ጎንበስ አልሽ? … እግርሽን? … እሺ። እሺ። … አሁን ተቀመጪ፣ ቆመሽ አታውሪ። … አሉ፣ አጠገቤ ናቸው።»

ስልኩን ሰጠችኝ። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው የልጅቷ ትንፋሽ ገና አልተመለሰም፣ ወይም ታለቅስ ነበር፤ በስልክ ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

«እማማ፣ አየችኝ» አለችኝ።

«አየችሽ።»

«የእውነት?»

«ለኳስ ሰዎች ቴሌቪዥን ከልክላ ነው ያየችሽ። ስንተኛ ሆንሽ?»

«አልጠየቅኩም።»

ያኔ ውስጥ ግብ ገባ። ቤቱ በሙሉ ተነሳ፣ አግዳሚው ወደቀ፣ ጩኸቱ በበሩ ገንፍሎ መንገዱን ሞላ፤ ማልያ የለበሰው ወጥቶ የማያውቀውን ሰው አቅፎ ተመለሰ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች ልጅቷ።

እናትየዋ ሰምታለች። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና አፏ ላይ አስጠጋችው።

«ላንቺ ነው» አለቻት።